ሲኖዬ ለምን ወደኋላ ይቀራል? ስለ ዲፈረንሻል ሬሾ የከፈትኩት ክር

የሾፌሮች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን (የጥያቄና መልሱን ሰንሰለት) የከፈትኩት እኔው ነኝ። ጥያቄዬ ይቺ ነበረች፦

ሰላም የመንገድ ሰዎች። ያገለገለ ሲኖትራክ ሳቢ አለኝ። ሞተሩ ባለ 371 ፈረስ፣ ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ፣ ጎማው 12 በ20 ነው። የምሠራው ጅቡቲ መስመር ነው። ባለፈው ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር ባዶ ወደ ወደብ ስንወርድ የገረመኝን ልንገራችሁ። የሱም መኪና ያው ሲኖ ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ጎማውም ከኔ ጋር አንድ። ገዋኔን አልፈን ሜዳው ላይ ሁለታችንም 10ኛ ማርሽ አስገብተናል። የሞተር ዙር ቆጣሪዬ 1,500 ላይ ነው። የፍጥነት ቆጣሪዬ 70 ይላል። ደወልኩለት። የሱም 1,500፣ የሱም 70። ታዲያ ለምንድነው ጥሎኝ የሚሄደው? ትንሽ ቆይቶ ከዓይኔ ጠፋ። ሚሌ ስደርስ ምሳውን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። ስመለስ የስልኬን ጂፒኤስ ከፍቼ አየሁት። ቆጣሪው 70 ሲል ስልኩ 54 ይላል። አንድ መካኒክ ዲፈረንሻልህ (ከካምቢዮ የመጣውን ዙር ቀንሶ ለጎማ የሚያስተላልፈው) የገልባጭ ነው፣ ሬሾው ማለትም የሚቀንስበት ልክ 5.73 ሳይሆን አይቀርም አለኝ። የጓደኛዬ 4.42 ነው። መኪናዬ መሀልና ኋላ ሁለት ዲፈረንሻል ነው ያላት፤ ሶማሌ ተራ ባለ 4.42 ሁለት የዲፈረንሻል ራስ (የመሀሉን የጥርስ ክፍል) አግኝቻለሁ። ልቀይር? ብቀይርስ ጭነት ይዤ ዳገት ላይ አልቆምም?

በአምስት ቀን 33 መልስ መጣ። ሁሉንም እዚህ አልገለብጥም። ግማሹ ጸብ ነው፣ ሩቡ ስለ ዓሣ ነው። የቀረውን በራሴ አፍ ላውራችሁ።

ቁጥር 1 ሰላምታውን አስረዝሞ የመጣ ሰው ነው። እኔንም፣ ቤተሰቤንም፣ መኪናዬንም ደህንነት ከጠየቀ በኋላ ቱርቦውን አሳይ አለኝ። የናፍጣ ፊልትሮውንም አትርሳ ብሎ ጨመረ። ደግ ሰው ነው፤ ግን መልሱ ጥያቄዬን አልነካም። ቱርቦ ቢደክም ሞተሩ 1,500 ለመድረስ ይቸገራል እንጂ፣ ከደረሰ በኋላ 1,500 ዙር የማንም 1,500 ዙር ነው።

ቁጥር 2 አጭር ነበረ። እየነዳሁ ስልክ መደወሌን ይዞ ልክ ልኬን ነገረኝ። ስለ ዲፈረንሻል አንድ ቃል አልጻፈም። ብዙ ሰው ወደደለት። ምን እላለሁ፣ ልክ ነው።

ቁጥር 3 ላይ አንድ የአዳማ መካኒክ ገባ። ክሩን በእግሩ ያቆመው እሱ ነው። ነገሩን እንደ መርማሪ ነው የያዘው። ሞተሮቹ እኩል ይዞራሉ። ማርሹ አንድ ነው። ስለዚህ ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግም በሁለቱም መኪኖች እኩል ይዞራል። የፍጥነት ቆጣሪው ደግሞ የሚያዳምጠው ያንን የካምቢዮ መውጫ ነው እንጂ ጎማውን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ቆጣሪዎች አንድ ቁጥር ቢናገሩ አይገርምም። ልዩነቱ ከዚያ ወደ ኋላ ነው ያለው። ወደ ኋላ ያለው ደግሞ ዲፈረንሻልና ጎማ ብቻ ነው። ጎማው አንድ ከሆነ ሌባው ተያዘ።

እሱ ግን በዚህ አላበቃም። ቆጣሪህ አልተበላሸም፣ አሁንም 4.42 ያለህ መስሎት ነው የሚቆጥረው ብሎ አስረዳ። መኪናዬ በ4.42 ተወልዳ፣ መሀል ላይ የሆነ ሰው የገልባጭ ዲፈረንሻል ገጥሞላታል ማለት ነው። 5.73ን በ4.42 ብታካፍል 1.3 ገደማ ይመጣል። 54ን በ1.3 አባዛ፤ 70። ይሄን ሳነብ ቡናዬን ቁጭ አደረግኩ። ከሸጠልኝ ሰው አፍ ይቺ ነገር አልወጣችም ነበር። ይባስ ብሎ የሄድኩት ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ ተጋኗል። ዘይት የምቀይረው ባልሄድኩበት መንገድ ነበር።

ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሆነም አስቀመጠልን። ዲፈረንሻል ውስጥ ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርሳም ብረት ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ያዞራል። የኮሮናውን ጥርስ በፒኞኑ ጥርስ አካፍለው፤ ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 11 ከሆነ 3.73 ነው። 5.73 ማለት ካርዳኑ (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ) አምስት ጊዜ ከሰባ ምናምን መቶኛ ሲዞር ጎማው ገና አንዴ ዞረ ማለት ነው።

ቁጥር 4 ወጣት መሰለኝ። በትህትና ነው የጠየቀው። 5.73 ከ4.42 ይበልጣል፣ ታዲያ የሚበልጠው ለምን ፈጣን አይሆንም አለ። አትሳቁ። እኔም ከወር በፊት እንደዚያ ነበር የማስበው።

ቁጥር 5 ግን ሳቀ። ቁጥርና ፍጥነት ለመለየት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር ብሎ ልጁን ከላይ እስከ ታች አበጠረው። ከስድቡ ሥር ያለችው ምሳሌ ጥሩ ነበረች። ማርሽ ያለው ሳይክል የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ሰንሰለቱ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲሆን እግርህ ብዙ እየዞረ ሳይክሉ ቀስ ይላል፤ ዳገቱን ግን ይወጣል። ትንሹ ጥርስ ላይ ሲሆን ተቃራኒው። ትልቅ ቁጥር ጉልበት ነው፣ ትንሽ ቁጥር ሩጫ ነው። ልጁ አመሰገነ። እኔ ብሆን አላመሰግንም ነበር።

ቁጥር 6 እኔ ነኝ። መካኒኩ በግምት ነው የነገረኝ፣ ቁርጡን እንዴት ልወቅ ብዬ ጠየቅኩ።

ቁጥር 7 ዲፈረንሻሉ ላይ ሬሾው የተጻፈበት ታርጋ አለ፣ እሱን ሳታነብ መኪና የምትገዛ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ አለኝ። ሄድኩና ገባሁ ከሥሯ። በሽቦ ብሩሽ የአፋርን አቧራና የስንት ዓመት ግራሶ ፈቀፈቅኩ። የኋለኛው ላይ ታርጋው የነበረበት ሁለት ቀዳዳ ብቻ አገኘሁ። የመሀለኛው በቀለም ተደፍኗል።

ቁጥር 8 ታርጋ የለኝም ስል የሚሆን ዘዴ ሰጠኝ። ይሄን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ለሁሉም መኪና ይሠራል። ካምቢዮውን ባዶ አድርግ። የኋለኛውን ዲፈረንሻል አንድ ጎን በክሪክ አንሳ። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። በሁለቱ ዲፈረንሻሎች መሀል ያለችው አጭር ካርዳን ላይም ምልክት አድርግ። ጎማውን በእጅህ አዙር፣ ረዳትህ የካርዳኑን ዙር ይቁጠር። አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ። የከባድ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ጎማው እንዲዞር ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ስለዚህ ለሌሎቹ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ወፍራም ድንጋይ ሳታስገባ እንዳትሞክራት፣ ሥሯም እንዳትገባ አለ። የሆነ ነገር አይቶ ነው እንደዚህ የሚጽፈው ብዬ ገመትኩ። አልጠየቅኩትም።

ቁጥር 9 በድል አድራጊነት የጻፍኩት ነው። ለካሁ። ጎማው አንዴ ሲዞር አጭሯ ካርዳን ሁለት ዙር ሞልታ ሦስተኛውን ልትጨርስ ትንሽ ቀራት። 2.87 በሉት። 5.73 የሚባል ነገር የለም፣ የኔማ ከጓደኛዬም የባሰ ሯጭ ነው፣ መካኒኩ ተሳስቷል ብዬ ለጠፍኩ።

ቁጥር 10 የአዳማው ሰውዬ ተመለሰ። ሳቁ በጽሑፉ ውስጥ ይሰማል። ዲፈረንሻል ለምን ዲፈረንሻል ተባለ ብሎ ጀመረ። አንዱ ጎማ መሬት ላይ ተይዞ ሌላው ብቻውን ሲዞር፣ ኮሮናው የሚዞረው የጎማውን ግማሽ ነው። ይሄ ነው መኪና ኩርባ ላይ ጎማዋን ሳትጎትት እንድትታጠፍ የሚያደርጋት። ስለዚህ የተነሳውን ጎማ ሁለት ጊዜ ነው ማዞር ያለብህ፣ ወይም ያገኘኸውን በሁለት አባዛው። 2.87 ሲባዛ በሁለት፣ 5.74። ጠመኔህ ልክ ነች፣ ያንተ ሒሳብ ነው ያነሰው አለኝ። ተቀበልኩ። ረዳቴ ግን እስካሁን ድረስ ሦስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው እያለ ይጠራኛል።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ።

ቁጥር 11 የጻፉት አንድ የቀድሞ ሾፌር ናቸው። ጋሼ ነው ሁላችንም ያልናቸው። ፊያት ኤንትሬ ይዘው አሰብ ይመላለሱ ነበር፤ ወደባችን አሰብ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። እሳቸው እንደሚሉት በዚያን ጊዜ ስለ ሬሾ የሚያወራ ሾፌር አልነበረም። ኤንትሬ ቀስ ትላለች፣ ግን ትወጣለች፣ በቃ። ዳገቱን ጀምረው በጧት ቁርስ ቢበሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ እንደገና ይርባቸዋል። ያ ዝግታዋ ራሱ ሬሾ እንደነበር የገባቸው ዛሬ ይሄን ክር ሲያነቡ ነው። ጋሼ እንዴት ያለ ነገር ጻፉ! ያለ አንድ ስድብ፣ ያለ አንድ ቁጥር፣ ዋናውን ነገር ተናገሩ።

ከ12 እስከ 15 ያለውን እንለፈው። አንዱ የአሰብን ዓሣ አነሳ። ሌላው ሙቀቱን አነሳ። ሦስተኛው የጅቡቲ ዓሣ ከአሰብ ይሻላል አለና ጋሼን አስቆጣ። እኔ የክሩ ባለቤት ነኝ፣ እባካችሁ ወደ ዲፈረንሻል ስል ማንም አልሰማኝም።

የመለሰን ቁጥር 16 ነው። የዳላሱ ልጅ። አሜሪካ ውስጥ የራሱን ትራክ የሚነዳ ሐበሻ ነው፤ እነሱ እዚያ የኋላ ሬሾን እንደ ደም ዓይነት ነው የሚያውቁት። የሱ 2.64 ነው። የላይኛው ማርሹ ልክ እንደኛው ቀጥታ ነው፣ አንድ ለአንድ። በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ 1,400 ምናምን ላይ ነው። ሞተር በዝግታ ሲዞር ናፍጣ ይቆጥባል፣ ስለዚህ አዳዲሶቹ ትራኮች ቁጥሩን እየቀነሱ ነው የመጡት አለ። እናንተ 5.73 ይዛችሁ አስፋልት ላይ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ጨረሰ። ያቺ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ባትኖር ጥሩ ነበር።

ቁጥር 17 ከኮምቦልቻ ነው። ጦር ይዞ ነው የመጣው። ቴክሳስ ሜዳ ላይ ክሩዝ ረግጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ስለ ዳገት አያስተምረኝም አለ። ያንን 2.64 ይዘህ ና፣ ከሚሌ ባቲን ውጣልኝ፣ ከዚያ እናወራለን። አማርኛውም እንደተበላሸበት ጨመረበት። ይሄኛው አላስፈላጊ ነበር፤ ልጁ ከኔ የተሻለ ነው የሚጽፈው።

ቁጥር 18 የዳላሱ መልስ ነው። አልተሳደበም። ኮሎራዶ ውስጥ የአይዘንሃወር ዋሻን ጭኖ እንደሚያልፍ፣ እሱም ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ እንደሆነ ነገረን። ጣርማበር ላይ የሚወጣ ሰው ቁጥሩን ይረዳዋል። ቀጥሎ ሁላችንም ያልያዝነውን ነገር ያዘልን። የኋላ ሬሾ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ከላይኛው ማርሽ ጋር ተባዝቶ ነው የሚነበበው። የድሮው ትራኩ ኋላው 3.55 ነበር፤ የላይኛው ማርሹ ግን 0.73። አባዛቸው፣ 2.59 ይመጣል። ከአሁኑ 2.64 ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ወረቀት ላይ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁ ሁለት ትራኮች መንገድ ላይ መንትያ ናቸው። ኮምቦልቻ ዝም አለ። ለጊዜው።

ቁጥር 19 ጎማን አመጣ። አንዳንዱ ሲኖ 315/80 ባለ 22.5 ጎማ ነው የሚጫማው፤ እሱ ከ12 በ20 ያንሳል። አንድ ዙር ሲዞር የሚሄደው መንገድ በመቶ 4 ገደማ ያጥራል። ስለዚህ 5.73 ላይ ትንሹን ጎማ ብትጭን 6 እንደያዝክ ቁጠረው። ጎማ መቀየር ትንሽ ሬሾ መቀየር ነው ማለቱ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ሰው ስለ ጎማ ዋጋ ማልቀስ ጀመረ። አብሬያቸው አልቅሼ አለፍኩ።

ቁጥር 21 ሁለት መኪና ያላቸው እህት ናቸው። ራሳቸው አይነዱም፤ ደብተር ይይዛሉ። እያንዳንዱ ጉዞ ስንት ሊትር እንደበላ ጽፈው ነው የሚያስቀምጡት። እኛ ሁላችንም ስለ ዳገቱ ስንጨቃጨቅ እሳቸው የረሳነውን ግማሽ መንገድ አነሱ። የኛ መስመር ጭነቱ ወደ ላይ ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነስተህ ሙሉ ጭነት ይዘህ ወደ 2,400 ሜትር ትወጣለህ። ስትወርድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነህ። ባዶ መኪና ደግሞ ቁልቁልና ሜዳ ላይ 5.73 አያስፈልጋትም። በእውነተኛው 70 ለመሄድ ሞተሯ ወደ 1,970 መዞር አለባት። በ4.42 ግን 1,500 ምናምን ይበቃታል። ዳገት ላይ ያገኘኸውን ስትመለስ ትበላዋለህ፤ ደብተሬ የሚለው ይሄን ነው አሉ።

እኔ እዚያ ላይ ልቀይር ወስኜ ነበር።

ቁጥር 22 ኮምቦልቻ ነው፤ ከእንቅልፉ ነቃ። ሴትዮዋን በጨዋነት ካለፈ በኋላ ለኔ መጣ። ቀይር፣ ግን ባቲ ላይ መንገድ ዘግተህ ስትቆም ጡሩንባ አልነፋልህም፣ አልፌህ ነው የምሄደው አለ። በ4.42 ጉልበትህን በሩብ ትቀንሰዋለህ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 4.42 ከ5.73 በመቶ 23 ያንሳል። ሦስት ሰው ደገፈው። እኔም ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ቁጥር 23 ከዚያ በፊት አንድ ቃል ያልጻፈ ሰው ነው። ሰላምታም የለውም፣ ዝም ብሎ የካምቢዮውን ቁጥሮች ደረደረ። የዚህ ካምቢዮ 10ኛው 1 ነው፣ 9ኛው 1.34 ነው፣ 2ኛው 10.62፣ 1ኛው 14.28። እናባዛ አለ። በ5.73 ላይ 10ኛ ማርሽ፣ ጠቅላላው 5.73። በ4.42 ላይ 9ኛ ማርሽ፣ 1.34 ሲባዛ በ4.42፣ 5.92። አያችሁት? ባለ 4.42ው ሰውዬ አንድ ማርሽ ወደ ታች ሲያወርድ ባለ 5.73ቱን ያገኘዋል፤ እንዲያውም በጥቂት ይበልጠዋል።

እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መሰላል ነው በሉ። ሁለቱም መኪና 10 እርከን አላቸው። ልዩነቱ የአንዱ መሰላል አንድ እርከን ከፍ ብሎ መቆሙ ነው። ባለ 4.42ቱ ከላይ አንድ የመሮጫ እርከን ያተርፋል፤ ከታች አንድ የመጎተቻ እርከን ያጣል። ከታች ያለውንም አሰላልን። በ5.73 1ኛው ማርሽ ጠቅላላው 82 ገደማ ነው። በ4.42 ወደ 63 ይወርዳል፤ እሱም የ5.73ቱ 2ኛ ማርሽ ነው በግርድፉ፣ 61። ስለዚህ ጥያቄው ባቲን ትወጣለህ ወይ አይደለም። ጥያቄው፣ ለመሆኑ ባለፈው ዓመት አስፋልት ላይ ጭነህ በ1ኛ ማርሽ የተነሳህበት ቀን አለ ወይ የሚል ነው።

አሰብኩ። አንድ ቀን ብቻ ትዝ አለኝ፤ እሱም አስፋልት ላይ አልነበረም።

ቁጥር 24 ኮምቦልቻ ጉልበት ጉልበት ነው፣ በወረቀት አይወጣም አለ። ቁጥር 25 ያው ዝምተኛው፣ በአራት መስመር ጨረሰው። የሞተሩ ጉልበት 371 ፈረስ ነው። ዲፈረንሻል አንዲት ፈረስ አይጨምርም፣ አንዲት ፈረስ አይቀንስም። ጠቅላላ ክብደቱ 50 ቶን የሆነ መኪና በመቶ ሜትር 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ በዚያ ሞተር በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የፈለገ ሬሾ ይኑረው። ሬሾ የሚወስነው በዚያ 30 ላይ ስትሆን ስንተኛ ማርሽ እንደያዝክ ነው። ኮምቦልቻ ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ አውራ ጣቱን እንዳነሳለት አይቻለሁ። ጨዋ ሰው ነው ለካ።

ሁሉም ለ4.42 እያጨበጨበ ሳለ ቁጥር 26 ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ መጣ። የድንጋይ ካባ ላይ የሚሠራ የገልባጭ ሾፌር ነው። እናንተ አስፋልት ለአስፋልት ናችሁ፣ ለናንተ ትክክል ነው። እኔ ግን ጭቃ ውስጥ፣ ሙሉ አሸዋ ይዤ፣ ከጉድጓድ ነው የምነሳው። ያቺ የታችኛዋ እርከን ለኔ እንጀራዬ ነች አለ። በትንሽ ቁጥር ዳገት ላይ ስትነሳ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ረጅም ጊዜ ማንሸራተት ይመጣል። ሽታውን ታውቁታላችሁ። ከዚያም በላይ፣ ጎማው ላይ ያው ጉልበት እንዲደርስ ካርዳኑና ካምቢዮው የበለጠ ነው የሚጠመዘዙት። 4.42 የሚገጥም ሰው የካርዳን ክሮቼራውን (መገጣጠሚያ መስቀሉን) ይፈትሽ። ይሄን ምክር በትልቁ ጻፍኩት።

ቁጥር 27 ስለ ቁልቁለት ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ሆኖ የዓባይን በረሃ የሚያይ ሾፌር ስለ መውጣት ሳይሆን ስለ መውረድ ነው የሚያስበው አለ፤ ልክ ነው። በ5.73 በለመድከው ማርሽ በ4.42 ብትወርድ ሞተሩ በዚያው ልክ አይይዝህም። መኪናዋ ትቀድምሃለች፣ ፍሬን ላይ ትተኛለህ፣ ፍሬኑ ይግላል። አንድ ማርሽ ቀንስ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት። ከዝምተኛው መሰላል ጋር አንድ ነገር ነው፤ ግን በዚህ በኩል ስትስተው ሰው ነው የሚሞተው።

ቁጥር 28 በሲኖ ሾፌሮች ላይ የወረደ ስድብ ነበር። የመድረኩ ሰዎች አነሱት። ቁጥር 29 ለምን ተነሳ ብሎ ስድቡን እንደገና ጻፈው። እሱም ተነሳ።

ቁጥር 30 አጭር ታሪክ ነው፤ ገንዘቤን ያዳነልኝ ይሄ ነው። የጎረቤቱ መኪና አንዱ ዲፈረንሻል ተሰብሮ፣ ከገበያ ሌላ ራስ ገዝቶ ገጠመ። ቁጥሩን አላየም። የመሀሉ 4.42፣ የኋላው 4.8። ሁለቱ ዲፈረንሻሎች በአንድ ካርዳን እየተነዱ፣ ጎማዎቻቸው ደግሞ አንድ መንገድ ላይ እኩል መሄድ አለባቸው። አንዱ ቶሎ ሊዞር ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም። በሁለቱ መሀል ዙሩን የምታካፍለው ትንሿ ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ትዞራለች፤ ማረፍ ነበረባት። ጎማው በሞረድ እንደተፋቀ ተበላ። አንድ ቀን ጭቃ ላይ ያቺኑ ትንሿን ቆልፎ ወጥቶ ቁልፉን መፍታት ረሳ። አስፋልት ላይ ብዙም አልሄደም፤ ሁሉም ነገር ተፈረካከሰ። ሁለቱም ራሶች አንድ ካልሆኑ በነጻም እንዳትቀበል አለኝ።

ታዲያ ሶማሌ ተራ መሬት ላይ የተቀመጠን ራስ ምን ብዬ ልለየው? ቁጥር 31 የአዳማው መካኒክ የመጨረሻውን ትምህርት ሰጠኝ። ተጠንቀቅ፣ የነዚህ ሲኖዎች ቅነሳ ሁለት ቦታ ነው፤ መሀል ላይ ያለው ኮሮና ፒኞንና፣ ጎማው መሀል ያለው ሁለተኛ የጥርስ ስብስብ። የጎማው 3.478 ነው፣ እሱ መኪናህ ላይ ይቀራል። አንተ የምትገዛው የመሀሉን ብቻ ነው። የገልባጩን ብትቆጥር ኮሮናው 28፣ ፒኞኑ 17 ነው፤ ሲካፈል 1.65 ገደማ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፣ 5.73 የት ሄደ ይላል። በ3.478 አባዛው፣ ይመጣል። ለ4.42 የምትፈልገው 28 በ22 ነው። ለ4.8 ደግሞ 29 በ21 ይሆናል። ሻጩ የሚለውን ተወው፣ ጥርሱን ቁጠር። ጠመኔህን አትርሳ ብሎም ቀለደብኝ።

ቁጥር 32 የኔ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የጻፍኩት። ሄድኩ። ሁለቱ ራሶች ጎን ለጎን ከላስቲክ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዘይት ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ሻጩ ሁለቱም ከአንድ መኪና የወጡ ናቸው አለኝ፤ መማል ነው የቀረው። ቁጢጥ ብዬ በመጀመሪያው ኮሮና አንዷን ጥርስ በጠመኔ ቀባሁና በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። 28። ፒኞኑን፣ 22። ደስ አለኝ። ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። ሻጩ ስልኩን ማየት ጀመረ። ቆጠርኩ። ጠመኔዋ ጋ ስመለስ 29 ሆነብኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ጀመርኩ። 29። ፒኞኑ 21።

ቀና ብዬ አየሁት። ያው ነው፣ የአንድ ጥርስ ልዩነት ምን ያመጣል አለኝ። ጠመኔዋን ኪሴ ከትቼ ተነሳሁ።

ቁጥር 33 የአዳማው ነው። ባለ 22ቱን ብቻ ቀብድ አስይዝ፣ መንትያውን እኔ እፈልግልሃለሁ አለኝ። እስከዚያው በ5.73 እየሠራሁ ነው። ጓደኛዬ አሁንም ሚሌ ላይ ይጠብቀኛል። መፋቂያ ገዝቼለት ነው የምሄደው።